ሳይቃጠል በቅጠል፤ የጨጓራችን ነገር

መቼም ከጨጓራችን ጋር ያለን ነገር ለብቻው ነው። ያበሳጨንን ሰው «ጨጓራዬን ላጠው» እንላለን። ምሳ ሲቀርብ «ጨጓራ አለብኝ» ብለን ቃሪያውን ወደ ጎን እናደርጋለን። (ጨጓራ የሌለው ሰው ያለ ይመስል!) ቡና ሲፈላ ግን ሁለተኛውንም ስኒ አንመልስም። ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ደግሞ አንድ የላብራቶሪ ስም ከዕለት ተዕለት ወሬያችን መሀል ገብቶ ተደላድሎ ተቀምጧል፤ ኤች ፓይሎሪ። አርባ ምንጭ ውስጥ ሴቻም ሂዱ ሲቀላ፣ ካፌ በረንዳ ላይ ከተቀመጡ አራት ወጣቶች ሁለቱ «ተመርምሬ አለብህ ተባልኩ» ይሏችኋል። ሦስተኛው የወሰደውን መድኃኒት ስም ይነግራችኋል። አራተኛው ተልባ ያዝላችኋል።

ዛሬ የምንጽፈው ስለዚሁ ነው፤ ግን የጤና አምድ ልናዘጋጅ አይደለም፣ ክርክር ይዘን ነው የመጣነው። በዓለም ላይ ያሉ ተመራማሪዎች በሰገራ ውስጥ የሚገኙ ባክቴሪያዎችን በማንበብ፣ የጨጓራ ካንሰርን ሳይብስ፣ ቱቦ በጉሮሮ ሳይገባ ለመጠርጠር እየሞከሩ ነው። ደስ የሚል ወሬ ነው። እኛ ግን እንላለን፦ በሰገራ የሚመጣ የማስጠንቀቂያ ወሬ ለእኛ አዲስ አይደለም። አንዱ ለዓመታት በየክሊኒኩ እየደረሰን ነው፤ ተቀብለን የት እንደምናደርሰው ስላላወቅን ብቻ ባክኗል። ያንን መንገድ ካላበጀን፣ ነገ የሚመጣው የረቀቀ ምርመራም የሚጨምርልን አንድ ተጨማሪ «ፖዘቲቭ» የሚል ወረቀት ነው።

(ከዚህ በታች የምንጠቅሳቸው ዓመታት «ዓ.ም.» ካልተባለ በቀር በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

ባክቴሪያውን የጠጣው ሐኪም

ታሪኩን ለማታውቁት በአጭሩ እንንገራችሁ። እስከ 1980ዎቹ ድረስ ሐኪሞች የጨጓራ ቁስለት ከጭንቀት፣ ከአሲድ ብዛትና ከሚያቃጥል ምግብ ይመጣል ይሉ ነበር። (የእኛ ቤት በርበሬ እስከ ዛሬ ከዚህ ክስ ነፃ አልወጣችም።) በአውስትራሊያዋ ፐርዝ ከተማ ሮቢን ዋረን የተባለ ፓቶሎጂስት ከታካሚዎች ጨጓራ በተወሰደ ናሙና ላይ ጠመዝማዛ ባክቴሪያ ደጋግሞ አየ። ከወጣቱ ሐኪም ከባሪ ማርሻል ጋር ሆነው በ1982 ባክቴሪያውን በላብራቶሪ ማሳደግ ቻሉ። የሚሰማቸው ግን አልነበረም። ማርሻል በ1984 ባክቴሪያው ያለበትን ፈሳሽ ራሱ ጭልጥ አድርጎ ጠጣ! ከቀናት በኋላ ማቅለሽለሽና ማስመለስ ጀመረው፤ ጨጓራውም ተቆጥቶ ተገኘ። ሁለቱ በ2005 የኖቤል ሽልማት ተሸለሙ።

ከሽልማቱ በፊት፣ በ1994፣ የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ ኤች ፓይሎሪን ካንሰር አምጪ መሆናቸው ከተረጋገጠ ነገሮች ተርታ፣ ከሲጋራ ጋር አንድ መደብ ውስጥ አስቀምጦታል። ኮሎምቢያዊው ፓቶሎጂስት ፔላዮ ኮሬያ ደግሞ መንገዱን እንደ ደረጃ አስረድቷል። መጀመሪያ የጨጓራ ሽፋን ይቆጣል። ቁጣው ለዓመታት ሲቆይ ሽፋኑ ይሳሳል፣ አሲድ የሚያመነጩት ሕዋሳትም ያልቃሉ። ቀጥሎ የጨጓራው ሽፋን የአንጀት ሽፋን ይመስላል። ከዚያ ሕዋሳቱ መልካቸውን መቀየር ይጀምራሉ። የመጨረሻው ደረጃ ካንሰር ነው። ይህ ሁሉ በአንድ ሌሊት አይሆንም፤ አሥርት ዓመታት ይፈጃል።

ልብ በሉ፤ አሥርት ዓመታት! «ሳይቃጠል በቅጠል» የሚለው ተረታችን እንዲህ የሚገጥመው በሽታ ብዙ አይደለም። በጃፓን ዕጢው ገና ከላይኛው ሽፋን ላይ ሳለ የተደረሰላቸው ታካሚዎች ከ10 ከ9 በላይ የሚሆኑት 5 ዓመትና ከዚያ በላይ ይኖራሉ። ወደ ሌላ አካል ከተዛመተ በኋላ ሲደረስበት ግን ያን ያህል የሚቆዩት ከ10 አንድም አይሞሉ። ልዩነቱ የመድኃኒት ብቻ አይደለም፤ የጊዜ ነው።

ባክቴሪያው ከብዙዎች ጋር፣ ካንሰሩ ከጥቂቶች ጋር

እዚህ ላይ አንድ እንቆቅልሽ አለ። በአገራችን የተሠሩ ጥናቶችን አንድ ላይ ሰብስቦ በ2019 የታተመ ትንተና እንደሚለው፣ ከተመረመሩት ኢትዮጵያውያን ግማሽ ያህሉ ኤች ፓይሎሪ ተገኝቶባቸዋል። ባክቴሪያው ካለባቸው ሰዎች ውስጥ ግን ወደ ካንሰር የሚደርሱት በግምት ከ100 ሰው ከ1 እስከ 3 ቢሆኑ ነው። በአፍሪካ ደግሞ ባክቴሪያው ሞልቶ ሳለ የሚመዘገበው የጨጓራ ካንሰር ያነሰ ነው። ሳይንቲስቶች ከ1990ዎቹ መጀመሪያ አንስቶ ይህን «የአፍሪካ እንቆቅልሽ» ይሉታል።

አንዳንዶች መልሱን ከታሪክ ይፈልጉታል። በ2007 የወጣ የዘረመል ጥናት ኤች ፓይሎሪ የዛሬ 58 ሺህ ዓመት ገደማ ከምሥራቅ አፍሪካ ከሰው ልጅ ጋር አብሮ ተጉዞ በዓለም እንደተበተነ ይገምታል። ማለትም የእኛና የእሱ ጉርብትና እጅግ የቆየ ነው፤ ምናልባትም ተቻችለን መኖር ለምደናል። ሌሎች ደግሞ «እንቆቅልሽ የሚባለው የመቁጠር ችግር ነው» ይላሉ። ኢንዶስኮፒ በሌለበት ቦታ የጨጓራ ካንሰር ስም የለውም፤ ሰውየው «ሆዱን ታሞ» ይሞታል። የአዲስ አበባ የካንሰር ምዝገባ ሥራ የጀመረው በ2011 ነው። የአገሪቱ የካንሰር ግምት በአመዛኙ የሚቆመውም በዚሁ የአንድ ከተማ መዝገብ ላይ ነው። ከጨንቻ ተራራ ላይ ከስቶ፣ ምግብ አልወርድ ብሎት ያረፈ ገበሬ በየትኛው መዝገብ ላይ ይገኛል?

«እንግዲህ ከእኛ ዘንድ ካንሰሩ ያነሰ ከሆነ ለምን እንጨነቅ?» ለሚል አንባቢ አንድ ቁጥር እንስጥ። የዚያው የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ ባለሙያዎች በ2025 ያሳተሙት ጥናት ከ2008 እስከ 2017 የተወለዱ ሕፃናትን ወደፊት ተከትሎ ያሰላል። ነገሮች በዚሁ ከቀጠሉ ከእነዚህ ልጆች ውስጥ 15.6 ሚሊዮን የሚሆኑት በዕድሜያቸው የጨጓራ ካንሰር ይይዛቸዋል፤ ከዚህም 76 በመቶው ከኤች ፓይሎሪ ጋር የተያያዘ ነው ይላል። ከሰሃራ በታች ባሉ አገሮች ደግሞ ወደፊት የሚጠበቀው ሸክም በ2022 ከተገመተው ቢያንስ በ6 እጥፍ ይበልጣል። ምክንያቱ ባክቴሪያው ስለሚከፋ አይደለም፤ ሕዝባችን ስለሚበዛና ዕድሜው ስለሚረዝም ነው። ካንሰር የሽማግሌ በሽታ ነው፤ እኛ ደግሞ ገና ሽማግሌ ልንሆን ነው። የሚቆጠሩት ታናናሾቻችን ናቸው።

የአፍ እንግዶች አንጀት ውስጥ

አሁን ወደ አዲሱ ወሬ እንመለስ። ኤች ፓይሎሪ እሳቱን ይለኩሳል እንጂ ብቻውን አይደለም። ጤናማ ጨጓራ ከባድ አሲድ አለው። ይህ አሲድ እንደ በር ጠባቂ ነው፤ ከአፋችን በምራቅና በምግብ የሚወርዱትን ባክቴሪያዎች አብዛኞቹን እዚያው ይጨርሳቸዋል። ሽፋኑ ሲሳሳና አሲዱ ሲቀንስ ግን በር ጠባቂው ይተኛል። ያኔ የአፍ ነዋሪዎች በሕይወት አልፈው ጨጓራ ውስጥ ይሰፍራሉ፤ አልፎም አንጀት ድረስ ይወርዳሉ። ስለዚህ በሰገራ ውስጥ የአፍ ባክቴሪያ ከልክ በላይ ሲበዛ «ላይ ቤት የሆነ ነገር አለ» ብሎ መጠርጠር ይቻላል። ሐሳቡ ይኸው ነው፤ ቀላልና ብልህ።

ከእነዚህ እንግዶች አንዱ ስትሬፕቶኮከስ አንጂኖሰስ ይባላል። የጨጓራ ካንሰር ባለባቸው ሰዎች ናሙና ውስጥ በዝቶ በመታየቱ ተመራማሪዎችን ስቧል። በ2024 ሴል በተባለው መጽሔት የወጣ ጥናት ደግሞ ይህ ባክቴሪያ የአይጦችን ጨጓራ ለረጅም ጊዜ እንደሚያስቆጣ፣ ሽፋኑን እንደሚያሳሳና ዕጢ እንዲያድግ እንደሚያግዝ አሳይቷል። ስለዚህ እንግዳው ምልክት ብቻ ሳይሆን ተባባሪም ሊሆን ይችላል።

ምርመራው እንዴት ይሠራል? ከሰገራ ናሙና የባክቴሪያዎቹ ዲ.ኤን.ኤ ይወጣል። በማሽን ተነቦ ማን ማን እንዳለና በምን ያህል መጠን እንደሆነ ይለያል። ከዚያ የታመሙና ያልታመሙ ሰዎች ናሙናዎች ለኮምፒውተር ይሰጡና ልዩነቱን እንዲማር ይደረጋል። የተማረው ኮምፒውተር አዲስ ናሙና ሲያይ «ይህ ሰው ቢመረመር ይሻላል» ወይም «አያሰጋም» ይላል። «ካንሰር አለብህ» ማለት ግን አይችልም። የመጨረሻውን ቃል የሚናገረው በኢንዶስኮፒ ታይቶ፣ ቁራሽ ናሙና ተወስዶ በማይክሮስኮፕ የሚታየው ነው። የሰገራው ምርመራ ወንፊት ነው፤ እንጀራ አይደለም።

ደግሞ የሁሉንም ሰው ጉሮሮ በቱቦ ማየት የሀብታም አገር ሥራ ነው። ደቡብ ኮሪያ ዕድሜያቸው 40 የሞላ ዜጎቿን በየ2 ዓመቱ ትመረምራለች። እኛ ያንን አንችልም። ጥሩ ወንፊት ከማንም በላይ የሚያስፈልገው ቱቦው ጥቂት ለሆነበት አገር ነው።

ከቱኬሬስ እስከ ጨንቻ

ችግሩ ወንፊቱ የተሠራው ለማን እህል ነው? የሚለው ላይ ነው። በ2022 የታተመ ጥናት በዓለም አቀፍ ማከማቻዎች ውስጥ ያሉትን የሰው ባክቴሪያ ናሙናዎች ሲቆጥር፣ አገራቸው ከታወቀው ውስጥ ከ70 በመቶ በላይ የሚሆኑት ከአውሮፓ፣ ከአሜሪካና ከካናዳ የመጡ ሆነው አግኝቷቸዋል። የጨጓራ ካንሰርን በተመለከተ ደግሞ ብዙው ናሙና ከቻይና፣ ከጃፓንና ከኮሪያ ነው። ሩዝ ከሚበላ ሰው አንጀት የተማረ ኮምፒውተር ቆጮ፣ ቦሎቄና ዳጣ ሲያገኝ ምን ይላል? አንጀታችን እንግዳ ስለሆነበት ብቻ «ታማሚ» ቢለንስ? ወይም የታመመውን «ደህና ነህ» ብሎ ቢሸኘውስ?

ይህ የእኛ ምናብ ብቻ አይደለም። ኮሎምቢያ ውስጥ ናሪኞ የሚባል ግዛት አለ። ተራራው ላይ ቱኬሬስ የምትባል ከተማ፣ ከታች በባሕሩ ዳር ደግሞ ቱማኮ አለች። በሁለቱም ቦታ አብዛኛው ሰው ኤች ፓይሎሪ አለበት። የጨጓራ ካንሰሩ ግን በተራራው ላይ ከባሕር ዳርቻው በ25 እጥፍ ገደማ ይበልጣል! አንድ ባክቴሪያ፣ አንድ ግዛት፣ ሁለት ዕጣ። በ2014 የወጣ ጥናት ምክንያቱን ከባክቴሪያውና ከሰውየው የዘር ሐረግ መጣጣም ጋር አያይዞታል። የዘር ግንዳቸው ከአፍሪካ የሆነ የባሕር ዳር ሰዎች የአፍሪካ ዝርያ ባክቴሪያ ሲይዛቸው ጉዳቱ ይቀላል፤ በተራራው ላይ ግን የሰውየውና የባክቴሪያው አመጣጥ የተለያየ ነው። በ2016 የወጣ ሌላ ጥናት ደግሞ በሁለቱ ከተሞች ሰዎች ጨጓራ ውስጥ ያሉት ሌሎች ባክቴሪያዎችም እንደሚለያዩ አሳይቷል። የአንጀት ትላትልም ቁጣውን ያበርዱ ይሆናል ተብሎ ተጠንቷል።

ተራራና ቆላ፣ ጎን ለጎን። ይህን መልክዓ ምድር የት አየነው? አርባ ምንጭ ከባሕር ጠለል በላይ 1,300 ሜትር ገደማ ላይ፣ ሙዝና ማንጎ፣ የጫሞ ዓሣና የቆላ ወባ መሀል ተቀምጣለች። ዳገቱን ስትወጡ ዶርዜና ጨንቻ ናቸው፤ 2,700 ሜትር ገደማ ላይ፣ እንሰት፣ ገብስና ብርድ። በአንድ ዞን ውስጥ ሁለት አየር፣ ሁለት ማዕድ፣ ሁለት ዓይነት ውሃ። በጨንቻና በአርባ ምንጭ መሀል የኮሎምቢያው ዓይነት ልዩነት አለ እያልን አይደለም። ጥያቄው በተፈጥሮ ተዘጋጅቶ ቆሞ እየጠበቀን ነው ነው የምንለው።

የጋሞ ደጋ ለዓለም ሳይንስ እንግዳ አይደለም። ሞታ ከሚባለው ዋሻ የተገኘው የዛሬ 4,500 ዓመት ሰው አጽም በ2015 ሙሉ ዘረመሉ ተነቦ ታትሟል፤ እንዲህ ከተነበቡት የአፍሪካ ጥንታውያን የመጀመሪያው ነበር። የሞተው ጋሞ ከጆሮው አጥንት ታሪኩን ተናግሯል። አሁን ተራው በሕይወት ያለው ነው።

ለዚህም ከዜሮ አንነሳም። የአርባ ምንጭ ዩኒቨርሲቲ በ1979 ዓ.ም. አካባቢ የውሃ ቴክኖሎጂ ተቋም ሆኖ ተጀምሮ ዛሬ ነጭ ሳር ካምፓስ ላይ ሐኪሞችንና የላብራቶሪ ባለሙያዎችን ያሠለጥናል። ከ2009 ጀምሮም በአርባ ምንጭ ዙሪያ ቀበሌዎች፣ ደጋውንም ቆላውንም የሚያይ የጤናና የሥነ ሕዝብ ክትትል ጣቢያ አለው፤ ማን ተወለደ፣ ማን ሞተ፣ ማን ለቀቀ እያለ ቤት ለቤት ይመዘግባል። አሥርት ዓመታት ለሚፈጅ በሽታ ከዚህ የተሻለ መነሻ አይገኝም። ሌላው ዓለም በብዙ ገንዘብ የሚገነባው ይህንኑ ነው።

ኦሜፕራዞል እንደ ከረሜላ

አሁን ወደ ራሳችን እንምጣ። በከተሞቻችን ኦሜፕራዞል የሚዋጠው እንደ ከረሜላ ነው። ሠርግ ሲኖር አንድ፣ ጾም ሲፈታ አንድ፣ ፈተና ሲደርስ አንድ። ኦሜፕራዞል አሲድ ይቀንሳል፤ ሥራው ነው። አሲድ ሲቀንስ ደግሞ፣ ቀደም ብለን እንዳልነው፣ በር ጠባቂው ይተኛል። በ2016 የታተሙ ሁለት ጥናቶች እንዳሳዩት እነዚህን መድኃኒቶች በሚወስዱ ሰዎች ሰገራ ውስጥ የአፍ ባክቴሪያዎች ይበዛሉ። አያችሁ ጉዱን? ነገ የሚመጣው ምርመራ የካንሰር ጥላ ብሎ የሚፈልገውን ምልክት፣ እኛ ከፋርማሲ ገዝተን በገዛ አንጀታችን ውስጥ እየሳልነው ነው። የማን በር ጠባቂ በዕጢ፣ የማን በክኒን እንደተኛ ኮምፒውተሩ እንዴት ይለይ?

የዛሬውን ምርመራም ቢሆን እያበላሸነው ነው። የኤች ፓይሎሪ የሰገራ ምርመራ ጥሩ ምርመራ ነው፤ ባክቴሪያው አሁን በሆዳችን ውስጥ ካለ ይነግረናል። ግን ደንብ አለው። እንደ ኦሜፕራዞል ያሉት መድኃኒቶች ከምርመራው 2 ሳምንት በፊት፣ አንቲባዮቲክ ደግሞ 4 ሳምንት በፊት መቆም አለባቸው። አለበለዚያ ባክቴሪያው ተደብቆ «ነጋቲቭ» ሊል ይችላል። የደም ምርመራው ደግሞ የሚያየው ባክቴሪያውን ሳይሆን ሰውነታችን የሠራውን መከላከያ ነው። ባክቴሪያው ከጠፋ ከወራት አልፎም ከዓመታት በኋላ «ፖዘቲቭ» ሊል ይችላል። እናም የዳነው ሰው እንደገና ይታከማል፤ ያልዳነው «ድነሃል» ተብሎ ይሸኛል።

ከሕክምናው በኋላስ? ለ14 ቀን አሞክሳሲሊን፣ ክላሪትሮማይሲንና ኦሜፕራዞል የሚወስድ ሰው በሦስተኛው ቀን አፉ ሲመርረው፣ በአምስተኛው ቀን ደግሞ ሲሻለው ያቆማል። የተረፈውን ክኒን ለጎረቤት ይሰጣል (መቼም ደግ ሕዝብ ነን!)። ባክቴሪያው ግን ከዚህ ትምህርት ይቀስማል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2017 ክላሪትሮማይሲንን የለመደ ኤች ፓይሎሪን አዲስ መድኃኒት በአስቸኳይ ከሚፈለግላቸው ባክቴሪያዎች ዝርዝር ውስጥ አስገብቶት ነበር። ሕክምናው ካለቀ ቢያንስ ከ4 ሳምንት በኋላ ተመርምሮ መጥፋቱን ማረጋገጥ ያስፈልጋል። ከምታውቋቸው መሀል ይህንን ያደረገ ስንት ሰው አለ?

ትልቁ ብክነት ግን ሌላ ነው። «ፖዘቲቭ» የሚለው ወረቀት በአብዛኛው የሚጨርሰው ፋርማሲ በር ላይ ነው። የ22 ዓመቱ ተማሪ እና በ3 ወር ውስጥ 10 ኪሎ የቀነሱት የ58 ዓመት አባት አንድ ዓይነት ወረቀት፣ አንድ ዓይነት ክኒን ይዘው ይወጣሉ። ተማሪው ምናልባት ክኒኑ ይበቃው ይሆናል። አባትየው ግን በዚያው ሳምንት ኢንዶስኮፒ ወዳለበት መላክ ነበረባቸው። ክኒኑ ማቃጠሉን ለጥቂት ወራት ያስታግስላቸዋል፤ እነዚያ ወራት ናቸው የሚገድሉት።

«ወባ እያለ?»

የሚነሳብንን ተቃውሞ እናውቀዋለን። «ቆላው ላይ ወባ፣ ደጋው ላይ ባዶ እግር በሚሄደው ገበሬ ላይ የእግር ማበጥ፣ በየቦታው በወሊድ የምትሞት እናት እያለች፣ እናንተ ስለ አንጀት ባክቴሪያና ስለ ኮምፒውተር ታወራላችሁ?» ተገቢ ጥያቄ ነው። መልሳችን ይህ ነው፦ የምንጠይቀው ነገር አብዛኛው ገንዘብ ሳይሆን ሥርዓት ነው። ማጣሪያ ጥያቄ በወረቀት ላይ መጨመር ኮምፒውተር አይፈልግም። ንጹሕ ውሃና መጸዳጃ ቤትም ኮሌራንም ትላትልንም ኤች ፓይሎሪንም በአንድ ላይ ነው የሚመክተው፤ ባክቴሪያው በአመዛኙ የሚይዘን በልጅነታችን፣ ከቤተሰብና ከአካባቢ ንጽሕና ጉድለት ነውና። ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ የሚባለው ለዚህ ነው። በ40 ምንጭ የምትጠራ ከተማ ይህ ተረት ሊጠፋባት አይገባም።

ሌላው ተቃውሞ ከወዲያኛው ጫፍ ይመጣል። «ታይዋን በማትሱ ደሴቶች ከ2004 ጀምሮ ሕዝቡን በሙሉ መርምራ አክማ የጨጓራ ካንሰርን በ53 በመቶ ቀንሳለች፤ እኛስ ሁሉንም ለምን አናክምም?» ማትሱ ትንሽ ደሴት ነች፤ የታከመው ተከታትሎ ይመረመራል፣ ያልዳነው ደግሞ እንደገና ይታከማል። መከታተያ ሳይኖረን ለግማሹ ሕዝብ አንቲባዮቲክ ማደል ግን መድኃኒቱን ለበሽታው ማስተማር ነው። ከማትሱ የምንቀዳው ክኒኑን ሳይሆን ክትትሉን ነው።

ታዲያ ምን ይደረግ?

አንደኛ፣ የኤች ፓይሎሪ ምርመራ በሚታዘዝበት ወረቀት ላይ ጥቂት ጥያቄዎች ይጨመሩ፦ ዕድሜ፣ ያለምክንያት መክሳት፣ ለመዋጥ መቸገር፣ የማያቋርጥ ማስመለስ፣ ደም ማስመለስ ወይም እንደ ሬንጅ የጠቆረ ሰገራ፣ የደም ማነስ፣ በቤተሰብ ውስጥ የጨጓራ ካንሰር። ከእነዚህ አንዱ ያለበት ሰው ውጤቱ ምንም ይሁን ምን ኢንዶስኮፒ ወዳለበት የሚሄድበት መንገድ ይበጅለት። ጥቂቱ ቱቦ የሚገባው ለእነዚህ ሰዎች ነው።

ሁለተኛ፣ አርባ ምንጭ ዩኒቨርሲቲና የክትትል ጣቢያው ከደጋና ከቆላ ፈቃደኛ ሰዎች የሰገራ ናሙና፣ ከምግባቸውና ከሚወስዱት መድኃኒት ዝርዝር ጋር፣ ዛሬ ማስቀመጥ ይጀምሩ። ማንበቢያው ማሽን ነገ ይረክሳል፤ የትናንት ናሙና ግን ነገ አይገዛም። ናሙናው ወደ ውጭ ሲላክም ባለቤትነቱ፣ ጥቅሙና የተማረው እጅ እዚህ ይቅር። ፈቃዱ ደግሞ በእንግሊዝኛ ቅጽ ሳይሆን በዱቡሻ፣ ሕዝቡ በሚመክርበት አደባባይ፣ በጋሞኛ ይጠየቅ። በመስከረም 2011 ዓ.ም. የጋሞ አባቶች እርጥብ ሳር ይዘው ተንበርክከው የተቆጣ ወጣት ያበረዱት እዚሁ አርባ ምንጭ ነው። ነገር ሳይነድ ማብረድ ምን እንደሆነ ለእነሱ የሚያስረዳ አያስፈልግም።

ሦስተኛው የእኛው ነው፣ የካፌ በረንዳ ላይ የምንቀመጠው። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል፤ እኛ ደግሞ አልደበቅነውም፣ ጨዋታ አድርገነዋል። በሚቀጥለው ጊዜ ያ ወረቀት እጃችሁ ሲገባ አራት ነገር ጠይቁ፦ ይህ የሰገራ ነው የደም? ከምርመራው በፊት ማቆም የነበረብኝ መድኃኒት ነበር? (ሐኪም የሰጣችሁን ግን ሳትጠይቁ አታቁሙ።) ኢንዶስኮፒ የሚያስፈልገኝ ምልክት አለ? መጥፋቱን ለማረጋገጥ መቼ ልመለስ? ከዚያ ለቤት ደውሉና ስለ አባታችሁ ጠይቁ። «ጨጓራዬ ነው፣ የቆየ ነው» የሚሉት ነገር ከቆየ ስንት ዓመቱ ነው? ቀበቷቸው በስንተኛው ቀዳዳ ላይ ነው የሚታሰረው? ለዚህ ጥያቄ የሰገራ ዕቃም፣ ኮምፒውተርም አይፈልግም። የስልክ ካርድ ይበቃል።